ቀለሙ በጥፍር ሲነካ የሚላጠው ለምንድን ነው? የሞዴል ኪት ክፍሎችን ለቀለም ስለማዘጋጀት

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «የመጀመሪያ ኪቴ (በክፍል በክፍል መጥቶ የሚገጣጠም የፕላስቲክ ሞዴል) ነው። 1/72 መጠን (ከእውነተኛው 72 ጊዜ ያነሰ) ስፒትፋየር አውሮፕላን። ክፍሎቹን ተያይዘው ከሚመጡበት የፕላስቲክ ፍሬም ሳልቆርጥ በውሃ የሚቀጥን አክሪሊክ ቀለም በብሩሽ ቀባኋቸው። ሲደርቅ ቆርጬ ላጣብቅ ስል ሁሉም ነገር ተበላሸ። የተቆረጠበት ቦታ ሁሉ ባዶ ፕላስቲክ ሆነ፣ ማጣበቂያው አልይዝ አለ፣ ክንፉን በጥፍሬ ነካ ሳደርገው ደግሞ ቀለሙ ተላጦ ተነሳ። ከመቀባቴ በፊት ምን ማድረግ ነበረብኝ? ፕራይመር (ከቀለም በፊት የሚቀባው መነሻ ሽፋን) የግድ ነው? ይሄኛውስ ይድናል?»

መጀመሪያ የሚያስጨንቅህን ልመልስልህ፣ ወንድሜ። ይድናል። ፕላስቲኩ ምንም አልሆነም። የተበላሸው ላዩ ላይ ያለው ቀለም ነው፣ እሱ ደግሞ ይነሳል። እንዴት እንደሚነሳ መጨረሻ ላይ እነግርሃለሁ። አሁን ግን ለምን እንዲህ እንደሆነ እንይ፤ ምክንያቱን ካላወቅክ ሁለተኛው ኪትህም ከዚህ አይለይም።

የነገርከኝ ሦስት ችግር ነው፣ የሦስቱም ምክንያት ለየቅል ነው። ቀለሙ የተላጠው ፕላስቲኩ ላይ ቅባት ስላለና ቀለሙ የሚይዘው ነገር ስላላገኘ ነው። ማጣበቂያው ያልያዘው ቀለም ላይ ስለቀባኸው ነው። የሞዴል ማጣበቂያ እንደ እንጨት ኮላ በሁለት ነገር መሃል ገብቶ የሚይዝ አይደለም። ፖሊስታይሪን የሚባለውን ፕላስቲክ ራሱን ያሟሟዋል። የሟሙት ሁለት ፊቶች ይቀላቀላሉ፣ ፈሳሹ ይተናል፣ በመጨረሻ አንድ ወጥ ፕላስቲክ ይሆናሉ። መሃል ላይ ቀለም ካለ ግን ፕላስቲክና ፕላስቲክ አይገናኙም፣ ስለዚህ ትንሽ ስትነካው ይላቀቃል። ባዶ የቀሩት ነጥቦች ደግሞ ክፍሉ ከፍሬሙ ጋር የተያያዘባቸው ናቸው፤ ስትቆርጣቸው መጋለጣቸው አይቀርም።

ስለዚህ ፍሬም ላይ እንዳለ መቀባትን እርሳው። ብዙ ጀማሪ እንደዚያ የሚያደርገው ትንሽ ክፍል በእጅ ይዞ መቀባት ስለሚከብድ ነው፣ ይገባኛል። መያዣው ግን ሌላ መፍትሔ አለው፣ እመጣበታለሁ።

ከሁሉም በላይ ይህን ያዝልኝ፦ ቀለም ጉድለትን አይሸፍንም፣ ያጋልጣል። ግራጫ ፕላስቲክ ላይ በዓይንህ ያላየኸው መስመር ቀለም ሲያርፍበት ጎልቶ ይወጣል። እስቲ አስላው። በ1/72 መጠን ግማሽ ሚሊሜትር የሆነች ጉብታ በእውነተኛው አውሮፕላን ላይ 3.6 ሴንቲሜትር ማለት ናት። በእውነተኛው ስፒትፋየር ክንፍ ጠርዝ ላይ እንዲህ ያለ ጉብታ አታገኝም። ለዚህ ነው የዝግጅቱ ሥራ ከመቀባቱ ብዙ ጊዜ የሚበልጥ ሰዓት የሚወስደው፣ መብለጡም ትክክል ነው።

ምንም ነገር ከመቁረጥህ በፊት መመሪያውን ከዳር እስከ ዳር አንብብ። እርሳስ ያዝና እያንዳንዱን ክፍል «መቼ ነው የሚቀባው?» ብለህ ጠይቅ። አንዳንዱ ቀድሞ ተጣብቆ በኋላ የሚቀባ ነው፦ የላይኛውና የታችኛው ክንፍ፣ የቀፎው (የአውሮፕላኑ ዋና አካል) ግራና ቀኝ፣ የጅራቱ ክንፎች። እነዚህ ከውጭ አንድ ዓይነት ቀለም ስለሚለብሱና መጋጠሚያቸው መጥፋት ስላለበት ለየብቻ መቀባታቸው ትርፍ የለውም። አንዳንዱ ደግሞ ከመዘጋቱ በፊት መቀባት አለበት። የአብራሪው ክፍል እንደዚያ ነው፣ ቀፎው አንዴ ከተዘጋ ብሩሽህ አይገባም። ሦስተኛው ለብቻው ተቀብቶ መጨረሻ ላይ የሚገጠም ነው፦ ፕሮፔለሩ፣ ጎማዎቹ፣ የማረፊያ እግሮቹ፣ የአብራሪውን ክፍል የሚሸፍነው ግልጽ መስታወት። ይህን ክፍፍል ራሱ መመሪያው ላይ ምልክት አድርግበት። መመሪያዎች ብዙ ጊዜ የመገጣጠሙን ተራ እንጂ የመቀባቱን ተራ አይነግሩህም።

አሁን ወደ መቁረጡ። ጎኑ ዝርግ የሆነ ትንሽ መቁረጫ ፒንሳ ያስፈልግሃል። በእጅ እየጠመዘዝክ አታላቅ፣ ክፍሉ ራሱ ተቦጭቆ ይወጣል። ቁርጡ ሁለት ጊዜ ነው። መጀመሪያ ከክፍሉ ራቅ ብለህ አንድ ሁለት ሚሊሜትር ትርፍ ትተህ ከፍሬሙ ለይው። ከዚያ የፒንሳውን ዝርግ ፊት ወደ ክፍሉ አዙረህ ትርፉን ቁረጥ፣ ያኔም ትንሽ ጉብታ ይቅር። የቀረውን በስለታም ቢላ በስሱ ሸርክተህ በብርጭቆ ወረቀት ጨርሰው። በአንድ ጊዜ አስጠግተህ ከቆረጥክ ፕላስቲኩ ስለሚጨናነቅ ቦታው ነጭ ይሆናል፣ አንዳንዴም ወደ ውስጥ ይጎደጉዳል፣ ከዚያ በስቱኮ ስትሞላ ልትውል ነው። እንደ አንቴና ያለ ቀጭን ክፍል ሲሆን ፒንሳው የሚፈጥረው ጫና ሊሰብረው ስለሚችል በቀጭን መጋዝ ወይም ጠንካራ ነገር ላይ አስተኝተህ በቢላ ቁረጠው። ተፈናጥሮ እንዳይጠፋብህ ከፈራህ እጅህንና ክፍሉን ግልጽ ፌስታል ውስጥ አስገብተህ ቁረጥ። የቢላውን ምላጭ ቶሎ ቶሎ ቀይር፤ የደነዘ ምላጭ ኃይል ስለሚጠይቅ ነው እጅ የሚቆርጠው።

ቁርጡ ሲያልቅ ጀማሪ የሚረሳው ነገር ይመጣል፣ የቅርጽ ማውጫው መስመር። ክፍሎቹ የሚሠሩት የቀለጠ ፕላስቲክ በሁለት የብረት ቅርጽ ማውጫዎች መሃል በግፊት ተገፍቶ ነው። ሁለቱ ብረቶች የሚገናኙበት ቦታ ላይ ቀጭን መስመር ይቀራል፣ በክፍሉ ዙሪያ ይሄዳል። ብረቱ ካረጀ ደግሞ ፕላስቲኩ በስንጥቁ ይወጣና ዳር ዳሩ ላይ እንደ ስስ ቅጠል ያለ ትርፍ ይኖራል። ትርፉን በቢላ ቁረጠው። መስመሩን ግን አትቁረጥ፣ ፋቀው። የቢላውን ምላጭ ወደ ላዩ ቀጥ አድርገህ ያዝና በስሱ ጎትት፣ እንደ መፋቂያ ነው የምትጠቀምበት። ጥቂት ጊዜ ስትመላለስበት ደቃቅ ብናኝ እየወጣ መስመሩ ይጠፋል። ከዚያ በ600 ወይም በ800 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት አለስልሰው።

ክብ የሆነ ነገር ላይ ተጠንቀቅ። የመድፍ አፈሙዝ፣ የማረፊያ እግር፣ ጎማ። አንድ ቦታ ላይ ብቻ ከሞረድክ ክቡ ዝርግ ይሆናል፣ ሲቀባ ደግሞ ያስታውቃል። ጠንካራ ሞረድ ትተህ ስፖንጅ ያለው ብርጭቆ ወረቀት ተጠቀም፣ ወይም ቀጭን የወረቀት ቁራጭ በክፍሉ ዙሪያ ጠምጥመህ ጫማ እንደሚወለውል ሰው ወዲህና ወዲያ ጎትተው፣ ያኔ ክብነቱን እንደያዘ ይለሰልሳል። መስመሩ መጥፋቱን ለማወቅ ከጎን በሚመጣ መብራት አየት አድርገው፣ ጥፍርህንም አሳልፍበት። ጥፍርህ ከተደናቀፈ ቀለሙም ያሳየዋል።

ሁለት ሌሎች ምልክቶችም ታገኛለህ። አንደኛው ክብ ክብ የሆነ ጠባሳ ነው፣ የቀዘቀዘውን ክፍል ከብረቱ ገፍተው የሚያወጡት ዘንጎች የሚተዉት። ሁለተኛው ፕላስቲኩ ወፍራም የሆነበት ቦታ ሲቀዘቅዝ ተሸማቆ የሚፈጥረው ጎድጓዳ ነው። ሁሉንም መሙላት አይጠበቅብህም። ሞዴሉ ሲያልቅ የሚታየውን ብቻ ሙላ። የጎማ መግቢያው በር ውስጠኛ ፊት ይታያል፣ ሙላው። የወንበሩ ጀርባ አይታይም፣ ተወው።

ማጣበቂያ ከመንካትህ በፊት ክፍሎቹን በደረቁ ገጥመህ እያቸው። የማይገጥሙበትን ቦታ ሞርድ። ብዙ ጊዜ የሚያስቸግረው የፍሬሙ ጉብታ መጋጠሚያው ላይ መቅረቱ ነው። ስፒትፋየር ላይ በተለይ ክንፉ ከቀፎው ጋር የሚገናኝበትን ቦታ እይ፣ እዚያ ክፍተት ብታይ አይግረምህ። በወረቀት ቴፕ አስረህ ሞክረው፣ ቴፑ ብቻ ክፍተቱን ሲዘጋው ታያለህ።

ለማጣበቅ እንደ ታሚያ ኤክስትራ ቲን ያለ ቀጭን ማጣበቂያ እመርጣለሁ። ሁለቱን ክፍሎች ገጥመህ ትይዛለህ፣ የብሩሹን ጫፍ መጋጠሚያው ላይ ነካ ታደርጋለህ፣ ፈሳሹ ራሱ በስንጥቁ ውስጥ ይሮጣል። ጣትህን መስመሩ ላይ አታሳርፍ፣ ማጣበቂያው ከጣትህ ስር ገብቶ አሻራህን ፕላስቲኩ ላይ ያትመዋል። ለክንፍና ለቀፎ የምወደው ዘዴ ይሄ ነው፦ ማጣበቂያውን ካስገባህ በኋላ ጥቂት ሰከንድ ጠብቅና ሁለቱን ጎን ጠበቅ አድርገህ ተጫን። የሟሟ ፕላስቲክ በመጋጠሚያው በኩል እንደ ቀጭን ክር ይወጣል። አትንካው። ቢያንስ አንድ ቀን ይደር። ከዚያ ያን ክር ሞርደው፣ ከስሩ መስመር የሚባል አታገኝም፣ ስቱኮም ሳያስፈልግህ ይቀራል። ከአንድ ቀን በፊት ከነካኸው ግን ፕላስቲኩ ገና ለስላሳ ስለሆነ በኋላ ተሸማቆ መስመሩ ይመለሳል።

እንዲያም ሆኖ ክፍተት ከቀረ በስቱኮ ሙላው። የሞዴል ስቱኮ ስትገዛ ሁለት ዓይነት ታገኛለህ። በቱቦ የሚመጣው፣ እንደ ቲነር የሚሸተው፣ ፕላስቲኩን ትንሽ ይነክሳል፣ በደንብ ይይዛል፣ ግን ሲደርቅ ይሸማቀቃል። በስሱ ሁለት ጊዜ ቀባው እንጂ በአንድ ጊዜ አታከማች፤ ቀጭን ፕላስቲክ ላይ ከተከመረ ፕላስቲኩን ራሱን ሊያለሰልሰው ይችላል። ሌላው በውሃ የሚሠራው ነው። እሱ ለክንፉ ስር ግሩም ነው፣ ምክንያቱም ቀብተኸው ሳይደርቅ ትርፉን በረጠበ የጆሮ ጥጥ ጠርገህ ስንጥቁ ውስጥ ብቻ ትተወዋለህ፣ መሞረድ የለም። ትንሽ ቀዳዳ ለመሙላት ሱፐር ግሉም ይሆናል፣ ግን ከደረቀ ብዙ ሳይቆይ ሞርደው። ካደረ ከፕላስቲኩ በላይ ይጠነክርና ስትሞርድ ዙሪያው ያለው ፕላስቲክ ቀድሞ ያልቃል።

ስለ ብርጭቆ ወረቀት ብዙ ሰው ያወሳስበዋል። 400፣ 600፣ 800 እና 1000 ቁጥር ይበቁሃል። ቁጥሩ ሲጨምር ወረቀቱ ይለሰልሳል። 400 ጉብታና ስቱኮ ለማውረድ ነው፣ ቀጣዮቹ የቀደመውን ጭረት ለማጥፋት ናቸው። ቁጥር አትዝለል፤ ከ400 ዘለህ 1000 ብትወለውልበት ጥልቁ ጭረት ከስር እንዳለ ነው የሚቀረው። ለፕራይመር 800 ወይም 1000 ላይ ቁም። እንደ መስታወት እስኪያንጸባርቅ መወልወል አያስፈልግም፣ ቀለሙ ትንሽ ሻካራ ነገር ቢያገኝ ይመርጣል። ወረቀቱን ውሃ ውስጥ እየነከርክ ሞርድ። ብናኙ አይነሳም፣ ወረቀቱ አይደፈንም፣ ጭረቱም ይለዝባል። በደረቁ ከሞረድክ የአቧራ ማስክ አድርግ፣ የፕላስቲክም የስቱኮም ብናኝ ሳንባ ውስጥ መግባት የለበትም።

ስትሞርድ ክንፉ ላይ ሆን ተብሎ የተቀረጹት፣ መጥፋት የሌለባቸው ቀጫጭን መስመሮች አብረው ሊጠፉ ይችላሉ። ከመጀመርህ በፊት ዙሪያቸውን በቴፕ ሸፍን። የግድ የሚነካ ከሆነ ሙሉ በሙሉ ከመጥፋታቸው በፊት፣ ዱካቸው ገና ሲታይ፣ በመርፌ ጫፍ በስሱ ተከትለህ ጥልቀታቸውን መልስላቸው። ጠንከር ያለ ቴፕ እንደ ማስመሪያ ለጥፍበትና በእሱ ጠርዝ ሂድ። ተጭነህ አንድ ጊዜ ሳይሆን ሳትጫን ደጋግመህ።

አሁን ወደ እጥበቱ፣ ቀለምህ ወደተላጠበት ዋና ምክንያት። ክፍሉ ከብረቱ በቀላሉ እንዲላቀቅ ፋብሪካ ላይ ቅባት የሚቀቡበት ጊዜ አለ፣ ከዚያ ትራፊ ሊቀር ይችላል። እውነቱን ለመናገር ግን ከፋብሪካው ቅባት ይልቅ የሚያሳስበኝ የእጅህ ወዝ ነው። ያን ሁሉ ሰዓት ስትቆርጥ፣ ስትሞርድ፣ ስታጣብቅ በጣትህ ነክተኸዋል። ስለዚህ ከሳጥኑ እንዳወጣኸው ማጠብ ጥሩ ነው፣ ሞርደህ ከጨረስክ በኋላ ማጠብ ግን የግድ ነው። አንድ ጊዜ ብቻ ነው የማጥበው ካልክ የመጨረሻውን እጠብ።

ጎድጓዳ ሳህን ላይ ለብ ያለ ውሃ፣ ጥቂት ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና፣ ለስላሳ የጥርስ ብሩሽ። ይኸው ነው። ሳሙናው ለእጅ ማለስለሻ የተጨመረበት አይሁን፣ እሱ ራሱ ስስ ሽፋን ይተዋል። ሙቅ ውሃ አትጠቀም። ፖሊስታይሪን በደንብ የሚለሰልሰው ወደ 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲጠጋ ነው፣ ቀጭን ክፍል ግን ከዚያ በታችም ሊጣመም ይችላል። እጅህን የማያቃጥለው ሙቀት በቂ ነው። ከዚያ በንጹህ ውሃ አለቅልቅ። ትንንሾቹን ወንፊት ላይ አድርገህ እጠባቸው፣ የቧንቧ ማስወገጃ ቀዳዳ ብዙ ፕሮፔለር በልቷል። ጨርቅ ላይ ዘርግተህ በራሱ ይድረቅ። ፀሐይ ላይ አታስጣ፣ በፀጉር ማድረቂያም አታድርቅ። ስንጥቅና ቀዳዳ ውስጥ ውሃ ይደበቃል፣ ስትረጭ ከቀለሙ ጋር ይወጣብሃል፣ ስለዚህ ማደሩ ይሻላል።

ከታጠበ በኋላ በባዶ እጅ አትንካው። ጓንት አድርግ ወይም መያዣው ላይ ስካው። ቀለም ልትረጭ ስትል ኢሶፕሮፒል አልኮል ባረጠብከው ብናኝ በማይለቅ ጨርቅ ጠረግ አድርገው። አልኮሉ የቀረውን ወዝ ያነሳል፣ ፕላስቲክ ስለተወለወለ የሚስበውን አቧራም ይወስዳል። አሴቶን፣ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ፣ የቀለም ቤት ቲነር በፍጹም። አሴቶን ፖሊስታይሪንን ያሟሟዋል፣ አንድ ጊዜ በጠረግክ ላዩ ያለው ዝርዝር ሁሉ ይጠፋል።

መያዣውን ቃል ገብቼልህ ነበር። ስቴኪኒ ወይም የባርቤኪው እንጨት ጫፍ ላይ ትንሽ የሚጣበቅ ማስቲክ አድርገህ ክፍሉን ከማይታየው ጎኑ ለጥፍበት። ጎማ ቀዳዳ ስላለው ስቴኪኒው ላይ ይሰካል። ጠፍጣፋ ክፍል የወረቀት ሳጥን ላይ በተገለበጠ ቴፕ ይያዛል። እንጨቶቹን ካርቶን ወይም ስፖንጅ ላይ ተክላቸው፣ እንዲሁ ቆመው ይደርቃሉ። ትልቁን አካል በሞተሩ ቀዳዳ ወይም በማረፊያ እግሩ ቀዳዳ በኩል እንጨት አስገብተህ መያዝ ትችላለህ። ይህ ከፍሬሙ የሚለየው መያዣውን የምታስቀምጥበትን ቦታ አንተ መምረጥህ ነው።

የሚጣበቁትን ፊቶችም በዚህ ጊዜ ሸፍናቸው። የማረፊያ እግሩ የሚገባበት ቀዳዳ ላይ የስቴኪኒ ስባሪ ወትፍ። የፕሮፔለሩ ዘንግ ላይ ትንሽ ቴፕ ጠምጥም። ዝርግ መጋጠሚያ ላይ በልኩ የተቆረጠ ማስኪንግ ቴፕ ለጥፍ። ቀለም ሲያልቅ ስታነሳው ንጹህ ፕላስቲክ ታገኛለህ፣ ማጣበቂያውም ይይዛል። ከረሳኸው ቦታውን በቢላ ጫፍ ፍቀው እንጂ ቀለም ላይ አታጣብቅ።

ፕራይመር የግድ ነው ወይ? ላንተ፣ በምትጠቀመው ቀለም፣ አዎ። ከዘይት ወይም ከጠንካራ ቲነር የተሠሩ ቀለሞች ፕላስቲክን ትንሽ ነክሰው ይይዛሉ፣ ስለዚህ አንዳንድ ሰው ያለ ፕራይመር ይቀባቸዋል። በውሃ የሚቀጥነው አክሪሊክ ግን ላዩ ላይ እንደ ቆዳ ነው የሚቀመጠው፣ ከስሩ የሚይዘው ነገር ከሌለ ጥፍር ያነሳዋል። ያየኸው ይህንኑ ነው። ለኔ ግን የፕራይመር ትልቁ ጥቅም ሌላ ነው። የግራጫው ፕላስቲክ፣ የነጩ ስቱኮ፣ የተፋቀው ቦታ ቀለም አንድ ይሆንና ጉድለቱ ሁሉ ይታይሃል። ስለዚህ መጀመሪያ የምትረጨውን ፕራይመር እንደ ምርመራ ቁጠረው። ረጭተህ፣ አድርቀህ፣ መብራት ስር አዟዙረህ እየው። የቀረ መስመር ካለ ያኔ መልሰህ ሙላ፣ ሞርድ፣ እጠብ፣ እዚያ ቦታ ላይ ብቻ ደግመህ ርጭ። እዚህ ላይ መመለስ አያሳፍርም፣ የለመዱትም ይመለሳሉ።

ለመጀመሪያ ጊዜ በቆርቆሮ የሚመጣ ስፕሬይ ፕራይመር ይቀላል። የታሚያ ሰርፌስ ፕራይመር ወይም ሚስተር ሰርፌሰር ጥሩ ናቸው። የሚስተር ሰርፌሰር ቁጥር እንደ ብርጭቆ ወረቀት ነው፤ 500 ሻካራና ወፍራም ነው፣ ጭረት ይሞላል፣ 1000 እና 1200 ደቃቅ ናቸው። ለ1/72 አውሮፕላን 1000 ወይም 1200 ያዝ። ስፕሬይ የማይመችህ ከሆነ የቫሌሆ ፕራይመር በብሩሽም ይቀባል፣ በውሃ የሚሠራ ስለሆነ ሽታውም ቀላል ነው፣ ግን ቢያንስ 24 ሰዓት ስጠው፣ ከዚያም በኋላ ስትሞርደው እንደ ላስቲክ ስለሚሸበሸብ ከስሩ ያለው ሥራ አስቀድሞ ማለቁን አረጋግጥ። ለመኪና ወይም ለብረት የተሠራ ስፕሬይ ከሆነ ያለህ ፕላስቲኩን ሊበላው ይችላል፤ መጀመሪያ የተረፈ ፍሬም ላይ ሞክር። የተቆረጠ ፍሬም የማትጥለው ለዚህ ነው።

ቆርቆሮውን ቢያንስ ሁለት ደቂቃ በደንብ ናጠው። ከቀዘቀዘ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ለጥቂት ደቂቃ አቁመው፣ እሳት ወይም የፈላ ውሃ ዘንድ ግን አታድርስ፣ ይፈነዳል። ከክፍሉ ከ20 እስከ 30 ሴንቲሜትር ራቅ። ከክፍሉ ውጭ መርጨት ጀምር፣ አሳልፍ፣ ከክፍሉ ውጭ አቁም፤ ክፍሉ ላይ ከጀመርክ መጀመሪያ የሚወጣው ጠብታ እዚያ ያርፋል። የመጀመሪያው እጅ ፕላስቲኩን ሙሉ በሙሉ መሸፈን የለበትም፣ ጭጋግ ይመስል በስሱ ይረፍ። አሥር አሥራ አምስት ደቂቃ ቆይተህ ሁለተኛ እጅ፣ ካስፈለገ ሦስተኛ። በአንድ እጅ ልጨርስ ካልክ ቀለሙ ይወርዳል፣ የለፋህበት የተቀረጸ መስመርም ይሞላል። በጣም ከራቅህ ወይም አየሩ በጣም ሞቃትና ደረቅ ከሆነ ደግሞ ቀለሙ በአየር ላይ ደርቆ እንደ አሸዋ ይሻክራል። በዝናባማ፣ እርጥበት በበዛበት ቀን አትርጭ፣ ላዩ ላይ ነጭ ጭጋግ ሊወጣበት ይችላል። ነፋስ የሌለበት ደጅ ወይም አየር በደንብ የሚወጣበት ክፍል ምረጥ፣ የኬሚካል ትነት የሚያጣራ ማስክ አድርግ። ተራው የአፍ መሸፈኛ አቧራ ቢይዝልህ እንጂ ትነቱን አይዝም።

ቀለሙን በተመለከተ ግራጫ ላይ ቆይ። ነጭ ለቢጫና ለቀይ ይጠቅማል፣ ጥቁር ደግሞ ብረት ለሚመስሉ ቀለሞች። የፕሮፔለርህ ጫፍ ቢጫ ነው፤ ጫፉን መጀመሪያ ነጭ፣ ከዚያ ቢጫ ቀባና በቴፕ ሸፍነህ የቀረውን ጥቁር አድርገው። ጥቁር ላይ ቢጫ ለማውጣት ከሞከርክ እጅ በእጅ ስትደራርብ ቀለሙ ይወፍርብሃል።

መስታወቱን ከዚህ ሁሉ ለይ። ውስጡን ፕራይመር አትቀባው፣ ከመጠን በላይ አትንካው። ስታጣብቀው ሱፐር ግሉ አትጠቀም፣ ትነቱ ነጭ ጉም ያለብሰዋል፤ ፕላስቲክ የሚያሟሟውም ማጣበቂያ ከፈሰሰበት አይመለስም። ነጭ ኮላ ይበቃል፣ ሲደርቅ ግልጽ ይሆናል፣ ከተሳሳትክም በረጠበ ጥጥ ይነሳል። የመስታወቱን ፍሬም ስትቀባ መጀመሪያ የአብራሪውን ክፍል የውስጥ ቀለም፣ ከላዩ የውጩን ቀለም አድርግ፣ ያኔ በመስታወቱ አልፎ ከውስጥ ሲታይ ትክክለኛው ቀለም ይሆናል። እዚህ ላይ ትንሽ ጊዜ ብትሰጠው አትቆጭም፣ ሰው አውሮፕላን ሲያይ ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው እዚያ ነው።

አሁን የያዝከውን እናድነው። ቀለምህ በውሃ የሚቀጥን አክሪሊክ ስለሆነ ኢሶፕሮፒል አልኮል ያነሳዋል። መጀመሪያ የተቀባ ፍሬም ቁራጭ ላይ ሞክር፣ ፕላስቲኩ አለመለስለሱን እይ። ከዚያ ክፍሎቹን ክዳን ያለው ዕቃ ውስጥ አልኮሉን አፍስሰህ ንከራቸው፣ ግልጹን መስታወት ግን አትክተት። ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይተህ በጥርስ ብሩሽ ፈተግ አድርገው። ስንጥቅ ውስጥ የቀረውን በስቴኪኒ አውጣ፣ ያልለቀቀ ካለ ደግመህ ንከር። መስኮት ከፍተህ፣ ጓንት አድርገህ፣ ከእሳት ርቀህ ሥራ። ቀለሙ ሲለቅ በሳሙና ውሃ እጠበው፣ ይድረቅ፣ ከዚያ ማጣበቂያ ያልያዘላቸውን ክፍሎች በደረቁ ገጥመህ እያቸው። ክንፉን አስቀድም፤ ከክንፉ ስር የቀረ ክፍተት ካለ በውሃ በሚሠራው ስቱኮ ሙላው፣ ቀፎውን ግን የአብራሪው ክፍል ሳይቀባ እንዳትዘጋው።